ድንጋዬ ደርሷል

እውነቱን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ፤ እኔ ሰልፍ ቆሜ የማውቅ ሰው አልነበርኩም። ስድሳ ዓመት አልፎኛል፤ ከአብደራፊ እስከ ገዳሪፍ ያልረገጥኩት መሬት የለም። በወፍጮ ቤት፣ በመናኸሪያ፣ በጤና ጣቢያ ተሰልፌ ተራዬን የጠበቅሁበት ቀን ግን ትዝ አይለኝም። መላ ነበረኛ! ከሰልፉ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ ቀኝ እግሬን መጎተት እጀምራለሁ። አሥር እርምጃ ሲቀረኝ «እህህ» እላለሁ። ይህን የሰማ የእናት ልጅ ሁሉ «እማማ፣ ይለፉ፣ ይለፉ» ይለኛል። እኔም መርቄው አልፋለሁ። ምርቃት ለማንም አልሰስትም፤ ለባጃጅ ነጂው፣ ለዱቄት መዛኙ፣ ለትኬት ቆራጩ እንደ ጉድ አዘንበዋለሁ። የነፈግሁት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የገዛ ልጄን።

ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የለየሁት ልጄ ደሳለው ማታ ማታ ደብተሩን ሲያነብ፣ እኔ ሰሊጥ እያበጠርኩ በትከሻው ላይ አሻግሬ እያየሁ ነው። ስለዚህ እዚህ ጽሑፍ ውስጥ የተሳሳተ ፊደል ካገኛችሁ ጥፋቱ የሱ ነው።

አሁን የአገሬን ልማድ ልንገራችሁ፤ ያለሱ ነገሩ አይገባችሁም። መተማ ዮሐንስ ላይ ፀሐዩ ሰውን አቁሞ አያስጠብቅም። በቦኖ ውሃም ሆነ በድንበሩ ኬላ ሰው ድንጋይ ያሰልፍና እሱ ጥላ ፈልጎ ይቀመጣል። ድንጋይ ያጣ ጫማውን ወይም ጀሪካኑን ያኖራል። የሰው ድንጋይ የሚነካ ባለጌ የለም። ሕጉ አንድ ነው፤ ተራህ ሲደርስ ድንጋይህ አጠገብ ካልተገኘህ ድንጋይህ በእግር ይገፋል፤ ቂም የለም። እኔ ደግሞ የቦኖው ዳኛ ነበርኩ። ማን ከማን ቀጥሎ እንደሆነ በራሴ እይዛለሁ፤ ሰው ሲጣላ «ቢጫው ጀሪካን፣ ከሱ ክዳን የሌለው፣ ከሱ ሾጣጣዋ ድንጋይ» እያልኩ እፈርዳለሁ። ራሴ የምቀዳው ግን እያነከስኩ ነው።

የዛሬ አሥራ አንድ ዓመት ደሳለው «እማ፣ ጋላባት ተሻግሬ ሱዳን፣ ከዚያም ወደ ባሕሩ እሄዳለሁ» አለኝ። «ይህችን የድንበር ድልድይ ብትሻገር ምርቃቴን አታገኝም» አልኩት። ሙቶ የሚቀር ነው የመሰለኝ። የሚሄድበት ጠዋት ኬላው ላይ ድንጋዩን አሰልፎ ወደ ቤት ሮጦ መጣ። በሩን ከውስጥ ዘጋሁት።

«እማ፣ ክፈቺልኝ። እጅሽን ራሴ ላይ አድርጊልኝና ልሂድ።»

መቀርቀሪያውን በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።

«እማ፣ ድንጋዬ እየደረሰ ነው።»

ከዚያ የእግሩን ኮቴ ሰማሁ፤ እየሮጠ ሲርቅ። በሩን የከፈትኩት አቧራው ከተኛ በኋላ ነው።

ደሳለው አልሞተም። ሱዳንን አልፎ ባሕሩ ማዶ አረብ አገር ደረሰ፤ ከብዙ መከራ በኋላ የጭነት መርከብ ላይ ሥራ ያዘ፤ አገባ። በየሳምንቱ ይደውልልኛል። ስንሰነባበት ሁልጊዜ «እማ፣ መርቂኝ» ይላል። እኔም ሁልጊዜ «ምርቃት በስልክ አይሆንም፤ እጅ ራስ ላይ ካላረፈ ከንቱ ነው» እለዋለሁ። እንዲህ ማለቴ እውነት ለሥርዓቱ ብዬ ነው ወይስ በሩን መክፈት አፍሬ? እግዜር ይወቀው። ብቻ አሥራ አንድ ዓመት ሄደ።

ሚስቱ ልትወልድ ሁለት ወር ሲቀራት «ነይልኝ» ብሎ ትኬት ላከልኝ። አቀድን፤ ከሱ ጋር አምስት ቀን፣ እሱ መርከቡ ላይ ሲወጣ ደግሞ ከሚስቱ ጋር እስክትወልድ። ሰው ያቅዳል፣ መንገድ ይዘጋል። ገንዳ ውሃ ላይ አራት ቀን ተቀመጥኩ። አዲስ አበባ ደርሼ ትኬቱ ሲቀየር አምስቱ ቀን አልቆ የቀረው አንድ ጠዋት ነበር።

«እማ፣ ነገ በአምስት ሰዓት የወደቡ መኪና ከአውሮፕላን ማረፊያው በር ይወስደኛል» አለኝ በስልክ። «አንዴ ከወጣን ስምንት ወር ነው የማንመለሰው።»

«እኔስ ስንት ሰዓት ነው የማርፈው?»

«ሁለት ሰዓት።»

«ሦስት ሰዓት ሙሉ አለና! ምን አስጨነቀህ?»

«እዚህ ያለውን ሰልፍ አታውቂውም፣ እማ።»

«ሰልፍ? እኔን?» ብዬ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጠችው ሮማን የምትባል የአዲስ አበባ የልብስ ነጋዴ ነበረች፤ አፏ እንደ አዲስ ምላጭ ነው። ቀበቶውን አሰረችልኝ፤ ስለ ደሳለውም አጫወትኳት። ሁለት ሰዓት ላይ አረፍን። ከዚያ እየተጋፋን አንድ አዳራሽ ገባን። እናንተዬ! የአብደራፊ አጨዳ ሰሞን ከደጋ የሚወርደው ሠራተኛ ሁሉ አንድ ጣራ ሥር የገባ ነው የመሰለኝ። ሕንድ አለ፣ ሐበሻ አለ፣ አረብ አለ፣ ከየት እንደመጣ እሱም የማያውቅ አለ። ሰልፉ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። የጨርቅ ቀበቶ ወጥረው ሰውን እንደ ትራክተር ያሳርሱታል፤ እስከ ጥግ ትሄዳላችሁ፣ ትዞራላችሁ፣ በመጣችሁበት አጠገብ ትመለሳላችሁ፣ ደግሞ ትዞራላችሁ። ስንት ትልም እንደነበረ መቁጠር አቃተኝ። ጫፉ ላይ ፓስፖርት የሚመቱት ሰዎች መስኮት ይታያል።

ሮማን ሰልፉ ጭራ ላይ ቆመች። «እዚህ ጋ ይቁሙ፣ እማማ» አለችኝ።

«አንቺ ቁሚ» አልኳትና ቀኝ እግሬን መጎተት ጀመርኩ።

ወደ መስኮቶቹ ሃያ እርምጃ ሲቀረኝ «እህህ» ሳልል አንዲት የደንብ ልብስ የለበሰች ልጅ ሮጣ መጣች። ልቤ ሞቀ፤ የእናት ልጅ በየአገሩ አለ! ግን «ይለፉ» አላለችኝም። ባለ ጎማ ወንበር አምጥታ አስቀመጠችኝና እየገፋች በሌላ በኩል ወስዳ፣ ፊቴን ወደ ግድግዳ አድርጋ አቆመችኝ። ጎኔን ባይ እንደኔ ወንበር ላይ የተቀመጡ አሮጊቶች ተደርድረዋል፤ አሥራ አንድ ቆጠርኩ። ሁለት ገፊዎች ብቻ ናቸው ያሉት። አንዷን ወስደው እስኪመለሱ ዳዊት ተደግሞ ያልቃል። አጠገቤ ያለችው የማላውቀው አገር አሮጊት እግሬን አየችው፣ እግሯን አሳየችኝ፣ ጠቀሰችኝ። እሷም እግሯ ደህና ነው! የዓለም አንካሳ አስመሳይ ሁሉ አንድ ቦታ ታጉሯል።

ግድግዳው ላይ ትልቅ ሰዓት ነበር። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ከአሥራ አንዱ አራቱ ብቻ ሄደዋል። ልብ በሉ፤ ይህን ሁሉ ሰዓት ልጄ በር ላይ ቆሞ ነው። ከረጢቴን አነሣሁና ከወንበሩ ላይ ዘልዬ ተነሣሁ። ልጅቱ እዚያ አገር አሮጊትን እንደሚጠሩት «ሐጃ! ሐጃ! ተቀመጪ!» እያለች ተከተለችኝ፤ እኔ ግን እንደ ፍየል እየፈጠንኩ ወደ ትልቁ ሰልፍ ጭራ ሄድኩ። ሰው ሁሉ እያየኝ ሳቀ።

ጭራው ላይ አንድ ነጭ ጀላቢያ የለበሱ የሱዳን ሽማግሌ ቆመዋል። እኔ በጋላባት ገበያ አረብኛ ሰላም አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «ሐቦባ፣ ከወዴት ነሽ?» አሉኝ። ሱዳኖች አያትን ሐቦባ ነው የሚሏት። «ከመተማ» ብላቸው የገዳሪፍ ሰው ሆነው ተገኙ፤ ሰሊጥ ሊገዙ መተማ ስንት ጊዜ እንደመጡ እየነገሩኝ አንድ ትልም ጨረስን።

መታጠፊያው ላይ ከሮማን ጋር ፊት ለፊት ተገናኘን፤ እሷ ብዙ ትልም ቀድማኛለች።

«እማማ! ጸበል አገኙ እንዴ? ከወንበሩ ሲነሡ አየሁዎ!»

«ወንበሩ ነው ጸበሉ። አንድ ሰዓት የተቀመጠበት ሁሉ ይፈወሳል።»

በሚቀጥለው መታጠፊያ እንደገና ተገናኘን።

«አሁንስ ምነው ያነክሳሉ?»

«አሁን የምሬን ነው። ግን ማን ያምነኛል?»

የምሬን ነበር። ጉልበቴ እንደ ቅቤ ቀለጠ። አራት ሰዓት። የቀረን ትልም ብዙ ነው። ያኔ ያ የአገሬ ልማድ ትዝ አለኝ። ድንጋይ አጣሁ፤ ወለሉ እንደ መስታወት የጠራ ነው። ከረጢቴን ሰልፉ መሐል አስቀመጥኩ። አምስት ኪሎ ሰሊጥና ለምራቴ የፈጨሁት በርበሬ አለበት።

«ሐጅ፣ ይህች የኔ ድንጋይ ናት» አልኳቸው ሽማግሌውን።

«ገዳሪፍም እንዲሁ ነው!» ብለው ትንሿን ቦርሳቸውን አጠገቧ አኖሩ። ሁለታችንም ግድግዳ ተደግፈን እግራችንን ዘርግተን ተቀመጥን። አቤት ሲጥም! ከኋላችን ያሉት ከረጢቱንና ቦርሳውን እያዩ ተያዩ። «ልማዱን አያውቁም እንጂ አይነኩትም» አሉ ሐጅ።

አልነኩትም። ሸሹት! አንዱ ለዘበኛ ጠቆመ። ፉጨት ተነፋ። ቀበቶው ተፈታ፤ ሰው ሁሉ ወደ ጥግ ወደ ጥግ ተገፋ። ከረጢቴና የሐጅ ቦርሳ ብቻቸውን ባዶው አዳራሽ መሐል እንደ ታቦት ቁጭ ብለዋል። አንድ ትልቅ ውሻ ይዘው መጡ። ውሻው አፍንጫውን ከረጢቱ አፍ ላይ አሳረፈና ወደ ውስጥ ሳበ። ሳበ ስላችሁ የመተማ ሚጥሚጣ የገባበት በርበሬ ነው! አነጠሰ። ደገመ። ሰለሰ። ከዚያ እየተንፏቀቀ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ዘበኞቹ የባሰ ደነገጡ።

ያኔ ነው የገባኝ። «የኔ ነው! የኔ ነው!» እያልኩ ሮጥኩ። አንዲት አለቃ መሰል ሴት ያዘችኝ።

«ሐጃ፣ ዕቃ ጥሎ መሄድ ክልክል እንደሆነ አታውቂም?»

«አልጣልኩትም፤ አሰለፍኩት እንጂ።»

«ምን አልሽ?»

ሐጅ ቦርሳቸውን እያሳዩ በጥሩ አረብኛ አስረዷት። ከረጢቱ ተፈታ፤ ሰሊጡ ታየ፤ በርበሬውን ያሸተተው ዘበኛ እንደ ውሻው አነጠሰ። ሴትየዋ ሳቋን ዋጠች። ግን ወዲያው ፊቷ ጠቆረ፤ አዳራሹን አሳየችኝ። ያ ሁሉ ሕዝብ ትልሙ ፈርሶበት «እኔ ነበርኩ ፊት፣ እኔ ነበርኩ ፊት» እያለ ይጋፋል። ሕፃን ያለቅሳል። መስኮቶቹ ሥራ አቁመዋል።

«ይህ ሁሉ ባንቺ ነው» አለችኝ።

ሰዓቱን አየሁ፤ አራት ሰዓት ከሩብ አልፏል። ይህ ሕዝብ እስኪስተካከል ልጄ መርከብ ላይ ነው። በገዛ እጄ በሩን ሁለተኛ ጊዜ ዘጋሁበት ማለት ነው። እንባዬ መጣ፤ ግን የቦኖ ዳኛ ሰው ሲጣላ አያለቅስም።

«ሐጅ፣ ድምፅ አለዎት?»

«ገዳሪፍ ላይ ሰሊጥ በጨረታ የሸጥኩ ሰው ነኝ!»

በየመታጠፊያው ስንተላለፍ የሁሉንም ፊት ደጋግሜ አይቼው ነበር። ጣቴን ቀሰርኩ። «መጀመሪያ ያ ቀይ ኮፍያ! ከሱ መንታ የያዘችው! ከሷ ያ ጥርሱን ሲፍቅ የነበረው! አንተ ረጅሙ፣ ወዴት? አንተ ከመነጽራሟ ኋላ ነህ!» ሐጅ በአረብኛ ይጮኻሉ፤ ሮማን በእንግሊዝኛ ትደግማለች። መጀመሪያ ሳቁብኝ። ከዚያ ቀይ ኮፍያው «ልክ ናት» ብሎ ቆመ፤ መንታ የያዘችው ተከተለች። ያልደረስኩባቸው ራሳቸው «ካንተ ፊት ማን ነበር?» እየተባባሉ ገቡ። ሳይቆይ ትልሙ እንደገና ታረሰ፤ መስኮቶቹ ሥራ ጀመሩ። አለቃዋ አፏን ይዛ ቀረች።

እኔ ደግሞ ወደ ቦታዬ፣ ከሐጅ ኋላ ተመለስኩ። ማንከስ አልቻልኩም። በሁሉም ላይ ፈርጄ እኔ ብቀድም በየትኛው ዓይኔ አያቸዋለሁ? ሰዓቱ ግን ለአምስት ሩብ ጉዳይ ሆነ፤ ፊቴ ያለው ሰው ከመቶ አያንስም።

ሐጅ ፊቴን አዩት። «ሐቦባ፣ ምን ሆነሻል?»

ነገርኳቸው። በር እንደዘጋሁ፣ አሥራ አንድ ዓመት እንዳልመረቅሁት፣ በአምስት ሰዓት እንደሚሄድ። እግሬም ደህና እንደነበረ ጭምር ተናዘዝኩ። ጎንበስ ብለው ከረጢቴን አነሡና ፊታቸው ላለው ሰው አቀበሉት፤ ጆሮው ውስጥ አንድ ነገር ተናገሩ። ሰውየው ለፊተኛው አቀበለ። ከረጢቷ ከእጅ ወደ እጅ፣ ከትልም ወደ ትልም፣ ከሕንዱ ወደ አረቡ፣ እያስነጠሰች ሄደች። ሮማን ልትደርስ ሁለት ሰው ነበር የቀራት፤ ተቀብላ ከቢጫው መስመር አጠገብ አስቀመጠቻትና ጮኸች።

«እማማ! ድንጋይዎ ደርሷል! ባለቤቱ ካልመጣ በእግሬ ልገፋው ነው!»

በአውሮፕላኑ ላይ ልማዱን የነገርኳት እኔ ነኝ። ድንጋይ የደረሰበት ባለቤቱ ይደርሳል። ቀበቶውን አንሥተው አሾለኩኝ። በየትልሙ እጅ እየነሣሁ፣ ቀጥ ባሉ ሁለት እግሮቼ ሄድኩ።

መስኮቱ ውስጥ ያለው ወጣት ፓስፖርቴን ገለጠ። «የመጣሽበት ምክንያት?»

«ልጄን ልመርቅ።»

«ለስንት ጊዜ?»

«ምርቃቱ አንድ ደቂቃ ነው። የቀረውን ሁለት ወር ምራቴን እስክትወልድ እንከባከባለሁ።»

ማኅተሙን መታ።

የመጨረሻው በር ሲከፈት ሰዓቱ አምስት አልፎ ነበር። አጥር ተደግፎ እንግዳ የሚጠብቅ ሕዝብ ነው ያለው። ፊቱን ሁሉ አንድ በአንድ አየሁ። ደሳለው የለም። ልቀመጥ ጎንበስ ስል ከአጥሩ ሥር፣ በመጀመሪያው ረድፍ፣ በሰው እግር መሐል አንድ ነገር አየሁ። አንድ ጫማ። የግራ እግር ጫማ፤ ብቻውን፣ አፍንጫው ወደ በሩ ዞሮ።

አጠገቡ የቆመውን ሰው በአረብኛ «የማን ነው?» አልኩት።

«አንድ ሐበሻ ነው ያስቀመጠው። ‹እናቴ ካየችው ታውቀዋለች› ብሎ ሾፌሩን ሊለምን ሮጠ።»

ጫማው አጠገብ ቆምኩ። ንቅንቅ አላልኩም። ብዙም አልቆየ፤ አንድ ጢሙ ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ በአንድ እግሩ ካልሲ ብቻ አድርጎ ሕዝቡን እየሰነጠቀ መጣ።

«እማ! አምስት ደቂቃ ሰጠኝ!»

«ተንበርከክ» አልኩት። ረዝሟላ፤ ራሱ አይደረስም። እዚያው በሰው መሐል ተንበረከከ። ሁለት እጄን ራሱ ላይ ጫንኩ።

«ሂድ ልጄ። መንገድህ የቀና ይሁን፤ ባሕሩ ሜዳ ይሁንልህ። የሄድክበት ደጅ ይከፈትልህ። ያን ቀን ደጅ የዘጋሁብህ እኔ ነኝ፤ ልጅህ ደጅ የሚዘጋበት አይግጠመው።»

«አሜን» አለ። መኪናው ጥሩንባ ነፋ። ተነሥቶ ሳመኝና ሮጠ፤ ጫማውን ረስቶ! አንሥቼ ወረወርኩለት፤ ጀርባውን መታሁት። ዞሮ እየሳቀ ለቀመው። የሄደው እንዲህ እየሳቀ ነው።

እንግዲህ አንባቢዎቼ፣ የልጅ ልጄ አሁን እየዳኸ ነው፤ ደሳለውም ከመርከቡ በደህና ወርዷል። እኔ መተማ ተመልሻለሁ። አንዳንድ ጠዋት ኬላው አጠገብ ጥላ ሥር እቀመጣለሁ፤ ተሻጋሪዎች ድንጋያቸውን አሰልፈው አጠገቤ ያርፋሉ። እናቱን ሳይሰናበት የመጣ ካለ ከፊቱ አውቀዋለሁ። «ሩጥ፣ ድንጋይህን እኔ አያለሁ» እለዋለሁ። ተራው ሲደርስ ያልተመለሰውን ድንጋይ እንዳይገፉት እጨቃጨቃለሁ። ይህ ከሕጉ ውጭ ነው፤ አውቃለሁ። ዳኛዋ እኔ ነኝ።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በልጄ ፊት «በስልክ አይሆንም» የምትል ድንጋይ አስቀምጬ ጥላ ሥር ተቀምጬ ነበር። ማንም ሳይገፋት መቆየቷ ዕድሌ ነው። እናንተም የሆነ ሰው ደጅ እንዲህ ያለች ድንጋይ ካለቻችሁ ተነሡና ሂዱ፤ ተራው መቼ እንደሚደርስ አይታወቅም። ስትሄዱ ግን እንዳታነክሱ። ባለ ጎማ ወንበር ያመጡባችኋል።